ሳይሰማ እንዲደርስ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሰው ሀብት አስተዳደር ደረጃ አራት ስንማር የክፍላችን ጎበዝ ተናኜ ነበረች። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነች አይደለም፤ እኛ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ አብረን ባንኖር ኖሮ እንዲያውም በቅናት ዓይኗን ባላየሁ ነበር። እኔ ሀኒ የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ እመልሳለሁ፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ተናኜ ከዱርቤቴ ገጠር የመጣች፣ ስትጠየቅ ብቻ የምትናገር፣ የነገሯትን ነገር ሆዷ ውስጥ ቆልፋ የምትይዝ ልጅ ነች። የእኔ ሆድ ምንም አይችልም።

የተናኜ እናት ልጃቸው የምትማረውን ትምህርት ስሙን ይዘውት አያውቁም። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሰው ማስተዳደር ነው የምትማር» ይላሉ። ጎረቤቱም ወረዳ ልትሾም ነው ብሎ፣ ለበዓል ቤቷ በሄደች ቁጥር የድንበር ክርክሩን ይዞ ይመጣባታል። እሷም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ሰው እንዴት እንደሚቀጠር፣ የሠራተኛ ደመወዝና ፈቃድ እንዴት እንደሚያዝ ነው የምማረው ብላ ለማስረዳት ሞክራ ትታዋለች። «ሠራተኛ ሲቸግረው የሚሄድበት ቢሮ ነው አልኳቸውና ያን ጊዜ ገባቸው» አለችኝ አንድ ቀን።

ከትምህርቱ ሁሉ የማልረሳው መምህር ቴዎፍሎስ ለሠራተኛ ክፉ ዜና ስለሚነገርበት መንገድ ያስተማረንን ነው። «አስቀምጡት» አለን። «ዓይኑን እያያችሁ በአጭሩ ንገሩትና ዝም በሉ። ዙሪያ ጥምጥም የምትሄዱ ከሆነ የራራችሁት ለራሳችሁ ነው።» ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ አለማመደን። ተናኜ አለቃ ሆነች፣ ክንዱ የሚባለው የክፍላችን ቀልደኛ ደግሞ ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ። ክንዱ ሊያስቀን ተዘጋጅቶ ነበር የተቀመጠው። እሷ ግን በለሰለሰ ድምፅ፣ ግራ ቀኝ በማይል ቃል አሰናበተችው። ክንዱ የሌለውን ሥራ አጥቶ የእውነት አኩርፎ ዋለ። እኔ በተራዬ የማሰናብተውን ሠራተኛ እጅ ይዤ አለቀስኩና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከብቃት ምዘናው፣ ሁላችንም ሲኦሲ ከምንለው ፈተና በፊት፣ የትብብር ሥልጠና አለ። እኔና ተናኜ ቡሬ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ቢሮ ተመደብን። ኃላፊያችን ወይዘሮ እህተ ማርያም ይባላሉ፤ ሠራተኛውን በስሙ፣ ልጆቹን በክርስትና ስማቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። በሥልጠናው መጨረሻ ውጤታችንን የሚሞሉልንም እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ በኋላ ሳልቆጣ ልነግራችሁ ስለማልችል ነው።

ይርሳው የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ረፋድ ላይ፣ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ በራችን ላይ ብቅ ይልና «እንዴት አረፈዳችሁ? የፈቃዴ ነገር ምን ተባለ?» ይላል። የትውልድ መንደሩ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ነው፣ ሩቅ አገር አይደለም። ግን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። እሱ ያረፈ ዕለት መንገዱ ዝግ ነው፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለት እሱ ተረኛ ነው። እናቱን እማማ እናኑን ከፋሲካ ወዲህ አላያቸውም፤ አሁን ኅዳር ገብቷል። ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ነበሩ። «ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ» አለን አንድ ቀን እየሳቀ፤ «ፊቷ ግን ሊጠፋኝ ነው። አንድ ጊዜ ልያት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?»

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸና አነሳሁት።

«እንደምን አረፈዳችሁ? ይርሳው ከእናንተ ዘንድ ነው የሚሠራ?» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ። «ጌታሁን እባላለሁ፣ የእናቱ ወንድም ነኝ። ትልቅ ሰው ካለ አገናኙኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን ለወይዘሮ እህተ ማርያም ሰጠኋቸው። ብዙ አልተናገሩም። «ወይኔ» አሉ፣ «እሺ» አሉ፣ «ኧረ በጭራሽ አንነግረውም» አሉ። ስልኩን ሲዘጉ በሩን አስዘጉኝ። እማማ እናኑ ጎህ ሲቀድ ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ልጃቸው እስኪደርስ ግን ይጠበቃል። አጎቱ ለራሱ ለይርሳው ያልደወሉት ድምፃቸው እንዳያጋልጣቸው ፈርተው ነው። አደራቸው ሰው አብሮት እንዲሄድና ሳይሰማ እንዲደርስ ነው። ለእሱ እናትህን ጥቂት አሟቸዋል ይባል።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰውየው መሀል ይገባል፣ የሚደግፉት እጆች ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። ልማዱን አላማም። የአክስቴ ልጅ የባሏን ሞት ብቻዋን ሰምታ ራሷን ስታ ስትወድቅ ያነሷት የማያውቋት ሰዎች ናቸው። ይህን ልማድ ያወጡት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ሞቱ ሲደበቅ ቀብሩ ቢያመልጥስ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ያን ዕለት በቢሮው ውስጥ አልነበረም።

«መምህር ቴዎፍሎስ እኮ በቀጥታ ንገሩ ብሎናል» አልኩ እኔ፣ ሳልጠየቅ።

«ቴዎፍሎስ መጥቶ ከመሬት ያነሳዋል?» አሉኝ ወይዘሮ እህተ ማርያም። «ልጄ፣ ከሥራ ተሰናበትክ ማለት ሌላ፣ እናትህ ሞተች ማለት ሌላ። ዘመዶቹ አደራ ብለውናል፣ በቃ።» ከዚያ ሁለታችንንም አየት አየት አደረጉን። «ተናኜ አብራው ትሂድ። አንቺማ ሀኒዬ፣ አፍሽን ብትዘጊው እንኳ ፊትሽ ይለፈልፋል።»

ቅር አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ተናኜ እጄን ያዘችኝ። 

«አንቺ ብትሆኚ ትነግሪዋለሽ?» አለችኝ።

«እነግረዋለሁ።»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን ያልላኩሽ» አለችና ይርሳውን ልትጠራ ሄደች።

ቢሮ አስገብታ አስቀመጠችው። ዓይኑን እያየች «እናትህን ጥቂት አሟቸዋል፣ ፈቃድ ተሰጥቶሃል፤ እኔም ወደ ፍኖተ ሰላም ስለምሄድ እስከ ማንኩሳ አብረን እንሂድ» አለችውና ዝም አለች። መምህር ቴዎፍሎስ ያስተማረን ሁሉ ነበረበት፤ የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው።

«ተመስገን!» ብሎ ተነሳ ይርሳው። «ወገቧ ይሆናል። አጨዳ ሲመጣ ወገቧ ይዟት ነው የሚከርም። ኧረ ፈቃዱን ስላገኛችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ!» ደስ ብሎት ሲወጣ በትከሻው መዝጊያውን ገጨው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆምኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየችው ተናኜ ብቻ ናት። ያቺ ሆደ ሰፊ ልጅ ዛሬ ይህን ነገር ሆዷ አይችልላትም። ለሲኦሲ አብረን ስናጠና፣ ጥያቄ እየጠየቅኳት ሳለ፣ መልሱን ትታ ይህን ትነግረኛለች። እኔም ሰምቼው እንደማላውቅ ሆኜ እሰማታለሁ።

ይርሳው ልብሱን ሊቀይር ወደ ኪራይ ቤቱ ገባ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ታጥቦ፣ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ።

«ጸበል ልያዝላት» አለ። «የታመመች እናቴ ዘንድ ባዶ እጄን አልገባም።»

«ለሌላ ጊዜ ይሁን፣ መኪና እንዳያመልጠን።»

«መኪናው የትም አይሄድም። አምናም ከአልጋ ያስነሳት ይኸው የኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው።»

ምን ትበለው? እናትህን ጥቂት አሟቸዋል የተባለ፣ እናቱን የሚወድ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አጎቱም፣ ወይዘሮ እህተ ማርያምም፣ እኔም፣ ሁላችን ነገሩን እንደሰማ መኪና ላይ ዘሎ እንደሚወጣ ነበር ያሰብነው። እንዲህ ያለ ቀላል ሕመም ሰውን እንደማያስሮጥ አንዳችንም አላሰብንም። ቢበዛ ጸበል ያስይዛል።

ጸበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ በባጃጅ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ካህኑም ገና አልመጡም። ይርሳው እናቱ ጋ ቢደውል አልገባ አለው፤ ተናኜም ዘወር ብላ ከቢሮ የያዘችውን የአጎቱን ስልክ ሞከረች። አይሠራም። ወይ ኔትወርክ ጠፍቷል ወይ ባትሪው አልቋል። ካህኑ ቆይተው መጡና ጸሎቱ ተጀመረ። ተራው ሲደርስ ይርሳው ጀሪካኑን እግራቸው ሥር አስቀምጦ «አባቴ፣ ለእናቴ ነው፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው» አላቸው። ካህኑ መስቀላቸውን ጀሪካኑ ላይ አድርገው እግዚአብሔር ወለተ ሥላሴን ከአልጋዋ እንዲያነሳት፣ ዕድሜ እንዲጨምርላት ለመኑላት። ሰልፈኛውም አብሮ ለመነላት። ተናኜ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች።

እዚያ ላይ ልትነግረው ቆርጣ ነበር።

«ይርሳው» አለችው።

«አቤት እህቴ» ብሎ ዞረ። ግንባሩ ላይ ጸበሉ ይንጠባጠባል፣ ፈገግ ብሏል።

«ፀሐዩ በረታ» አለችው።

እኔ ብሆን እዚያ ሰልፍ ላይ አፌ ያመልጠኝ ነበር። አልቅሼ፣ አስለቅሼው፣ ሰው ተሰብስቦብን ጉድ ይፈላ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አገር አይወደውም፤ እኔም ስሰደብበት ነው ያደግሁት። አንዳንድ ቀን ግን ለፍላፊ ሰው ያስፈልጋል።

መናኸሪያ ሲደርሱ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ተናኜ ረዳቱን ወደ ጎን ጠርታ የጎደለውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ አለችው። ይርሳው ሰማት። «ኧረ ተይ እህቴ፣ ምን አስቸኮለን?» ብሎ ሳቀባትና ጀሪካኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተደላድሎ ተቀመጠ። ስለ እናቱ ያወራላት ጀመር። አንድ ጊዜ ሊጠይቁት ፋብሪካው በር ድረስ መጥተው ነበር። የወፍጮው ጩኸት አስደንግጧቸው «ልጄን ከዚህ ውስጥ አውጡልኝ» ብለው ከዘበኛው ጋር ተጣሉ። ዘበኛው ይርሳውን አስጠርቶ ሲያሳያቸው ዱቄት የለበሰውን ልጃቸውን አላወቁትም፤ «ይኸ አይደለም፣ የእኔ ልጅ ጠይም ነው» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። ተናኜም ሳቀች። በዚያ ሳቅ ራሷን እንደጠላች ነግራኛለች።

ሚኒባሱ ሲነሳ ለራሷ ምክንያት አገኘች። አሁን ብነግረው መኪናው አይፈጥንም፣ ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው መሀል እንዴት ይሆናል አለች። ጸበሉ ጋ የነበራት ምክንያት ሌላ ነበር፣ ቢሮ ውስጥ የነበራትም ሌላ። መንገድ ላይ ኬላው ጋ ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ተብሎ ይርሳው ቀምሶ አሳየ። እንደገና ለመሳፈር ሰው ተጠበቀ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራ ነበር፣ ተናኜም በመስኮት እሷን እሷን ታያለች።

ማንኩሳ ሲወርዱ የቀብሩ ሰዓት አልፏል። «እዚህ ከመጣሁ አይቀር እናትህን ጠይቄ ልመለስ» አለችው። እሱም ከልቡ ደስ አለውና «ታያታለሽ፣ ሳትጋብዝሽ አትለቅሽም» አላት። ባጃጅ ያዙ። ነጂው ባምላኩ የሚባል የመንደሩ ልጅ ነበር። በመስታወቱ ይርሳውን አየውና ዓይኑን ሰበረ። መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ እንደ እብድ ነዳው፣ ከአፉ ግን ቃል አልወጣም። ይርሳው ሂሳብ ሲያወጣ «ይቅር፣ ይቅር። ግቡ፣ ቶሎ ግቡ» አለው።

ይርሳው ገንዘቡን እንደያዘ ቆመ።

«ባምላኩ እኮ ሂሳብ ትቶ አያውቅም» አለ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በታጨደው የበቆሎ ማሳ መሀል የእግር መንገዱን ይዞ እየፈጠነ ሄደ፣ ተናኜ ከኋላው። አንዲት አሮጊት ከአጥር ውስጥ አይተውት፣ ሰላም ሳይሉት ወደ ጓሮ ዞሩ። እሱም የባሰ ፈጠነ። ተናኜ ልቡ አውቆ ነበር ትላለች። አውቆም ቢሆን አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አልጠየቃትም። ብጠይቃት ትነግረኛለች ብሎ ፈርቶ ይሆናል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በሚያወርደው መንገድ ላይ ሕዝቡ ሲመለስ አገኙት። ወንዶቹ እጃቸው አፈር ነክቷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ይርሳውን ሲያዩት ሴቶቹ ጮኹ። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሽበታም፣ ረጅም ሰው እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። አጎቱ ጌታሁን ነበሩ።

«ልጄ፣ ይርሳውዬ» አሉ። ለመርዶው ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጠፋቸው። «ጠበቅንህ እኮ። ካህናቱን ለምነን አቆምናቸው። የሩቁ ሰው ሳይመሽበት መግባት ነበረበት፣ መንገዱ እንደምታውቀው ነው። አሁን ነው፣ ልጄ፣ አሁን ገና ነው ያስገባናት።»

ሰዎች ከግራ ከቀኝ ይዘው ሊደግፉት ተጠጉ። ይርሳው አልወደቀም፣ አላለቀሰምም። አጎቱን ትቶ ወደ ተናኜ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጸበሉ ጋ ስንሰለፍም?»

«አዎ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገባትም። ክፉ ቃልም አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች።

«እሮጥ ነበር እኮ» አላት። «ብትነግሪኝ እሮጥ ነበር።»

ጀሪካኑን መንገዱ ዳር አስቀመጠና ከያዙት እጆች መሀል ወጥቶ ዳገቱን ሮጠ። «ያዙት! ራሱን እንዳይጎዳ!» ተባለ፣ ጎረምሶች ተከተሉት፣ አልደረሱበትም። ተናኜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይታ አታውቅም።

አጎቱ አልተከተሉትም፣ ጉልበታቸው አይችልም። ወደ ተናኜ መጥተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ? እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት። «መንገድ ላይ ብቻውን ቢሰማው ምን ይሆንብን ነበር? አደራችንን ጠብቀሽ ሳይሰማ አደረስሽልን። የወለደችሽ እናት ትባረክ። ውለጂ፣ ክበጂ። ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።»

ሴቶቹም ተራ በተራ እየመጡ ጉንጯን ሳሟት። አንዷ ሌላዋን «ይቺ ናት ይዛው የመጣች፣ ትንፍሽ አላለችም» ትላታለች። በክፉ ዓይን ያያት አንድም ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን አንድ ሰው እንኳ ቢቆጣት በወደደች። ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ የይርሳው ድምፅ «እምዬ፣ እምዬ» እያለ ይመጣል።

«አሜን በዪ እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሲመርቅ ዝም አይባልም» አሏት አጠገቧ የቆሙት ሴት።

«አሜን» አለች ተናኜ።